የማገዶ ነገር፦ ተመራማሪው፣ አምራቹና መንግሥት በአንድ ምድጃ ዙሪያ
ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለካህናትና ለልማት ኮሚቴ አገልጋዮች የቀረበ ትምህርት



በየደብሩ ስለ ልማት ዕቅድ በተነጋገርን ቁጥር ውኃ፣ ችግኝ፣ ወፍጮና ንብ ማነብ ቶሎ ይነሣሉ። ማገዶ ግን እምብዛም አይነሣም። ሁልጊዜ የነበረና ሁልጊዜ የሚኖር ስለሚመስለን ይመስለኛል። እኔ ራሴ በዲቁና ባገለገልሁበት ደብር፣ ሌሊት በቤተ ልሔም ኅብስት ስንጋግር ዐይናችን በጭስ ሳይነድድ የወጣንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጭሱን ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ የተሰጠን ድካም አድርገን ተቀብለነው ነበር። በክብረ በዓል ዋዜማ ደግሞ እናቶች በዳሱ ጀርባ በደርዘን ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋግሩና ወጥ ሲሠሩ ያድራሉ። እንጨቱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ከፊሉ ከገበያ ይገዛል፤ ከፊሉ ግን፣ እንነጋገር ከተባለ፣ ከቅጥሩ ውስጥ የተለቀመ ነው።

በጥናት ቋንቋ «ባዮማስ» የሚባለው እንግዳ ነገር አይደለም። እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት፣ የማሽላና የበቆሎ አገዳ፣ የቡና ገለባ፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው የሸንኮራ ተረፈ ምርት፣ በጠቅላላው ከሕያው ነገር የተገኘና ኃይል የሚሰጥ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። በሀገራችን ከሚውለው ኃይል ዘጠኝ ዐሥረኛ ያህሉ የሚገኘው ከዚሁ ነው። ግድቦቻችን በዜና ይነገራሉ፤ እንጀራው ግን በአብዛኛው ቤት ዛሬም የሚጋገረው በእንጨትና በኩበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምድጃው አጠገብ ስለሚውል ጭሱ ከእናቲቱ እኩል ይደርሰዋል።

ጉዳዩ ለእኛ ሌላም ትርጉም አለው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት በገባበት ደን ውስጥ ችግኝ ማደግ እንደሚቸገር አሳይተዋል። ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር በተደረገ ምክክርም በበርካታ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል። ተመራማሪና ካህን በአንድ ጉዳይ ሲስማሙ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሆኖም አጥሩ ከብትን ያግዳል እንጂ መጥረቢያን አያግድም። መጥረቢያውን የሚያግደው ምድጃው ነው።

ስለ ምድጃ ስናነሣ የ«ምርጥ» ምድጃን ታሪክ ማጥናት ይጠቅማል። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድድ እሳት ከእንጨቱ ኃይል ወደ ምጣዱ የሚደርሰው ከዐሥር አንድ እጅ ገደማ ነው፤ የቀረው በነፋስና በጭስ ይባክናል። ይህን የተረዱ የሀገራችን የኢነርጂ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ፣ በስድስት ክፍል የሚገጣጠም ምድጃ አዘጋጁ። አራቱ ክፍሎች እሳቱን ይከባሉ፤ ሁለቱ ደግሞ የሚወጣው ትኩስ አየር ድስት እንዲያሞቅ ያደርጋሉ። በአግባቡ ሲሠራና ሲያዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ ግማሽ ያድናል። ተመራማሪዎቹ ግን ምድጃውን ራሳቸው እያመረቱ ልሽጥ አላሉም። የብረት ቅርጽ ማውጫው ለትንንሽ አምራቾች ተሰጠ፤ አምራቾቹ ሠለጠኑ፤ የመንግሥት ቢሮዎችና የውጭ ድጋፍ ሰጪዎች ገበያውን አስተዋወቁ። እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ በመያዙ ምድጃው ከተመራማሪው ጠረጴዛ ወጥቶ እናቶች ማድ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሀገሪቱ የአየር ንብረት የማይበግረው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልትም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን በፍጥነት ይተግበሩ ካላቸው ጥቂት ሥራዎች መካከል አስገብቶታል።

ድክመቱም ከዚሁ ይጀምራል። ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር አንዳንድ አምራች መጠኑን ይቀንሳል፤ ወይም ገዢ ስለ ቸኮለበት ለሚገባው ቀን ያህል ውኃ ሳያጠጣው ያስረክባል። እንዲህ ያለው ምድጃ በጥቂት ወራት ይሰነጠቃል። ገዢዋም «ምርጥ ምድጃ አይረባም» ብላ ለጎረቤቶቿ ትናገራለች፤ አልተሳሳተችም። ጥናቱ ትክክል ነበር፤ የጥራት ቁጥጥሩ ግን በመካከል ወደቀ። ስለዚህ ኮሚቴው ምድጃ ሲገዛ ከዋጋው በፊት መቼ እንደ ተሠራና ስንት ቀን ውኃ እንደ ጠጣ ይጠይቅ።

ስለ ከሰልም አንድ ስሌት ልጨምር። በአፈር ተሸፍኖ በልማዱ ከሚከሰል እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ስድስት ሰባት ኪሎ እንጨት ይፈጃል። የአንድ ኪሎ ከሰል ኃይል ደግሞ የሁለት ኪሎ ደረቅ እንጨትን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሦስተኛ የማያንሰው ኃይል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። «ከሰል ጭስ የለውም» የሚባለው ከቤት ውስጥ ሲታይ ብቻ ነው፤ ጭሱ በጫካ ቀርቷል።

አሁን ብዙ ደብሮችና ገዳማት ወደሚጠይቁን ወደ ባዮጋዝ ልምጣ። እበትና ውኃ እኩል ተቀላቅሎ አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲብላላ፣ በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን የሚነድድ ጋዝ ያወጡለታል። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሲጀመር፣ የመረጠው ከኔፓል ልምድ የተወሰደና ለሀገራችን የተስማማ «ስንዱ» የተባለ ባለ ጉልላት ማብላያ ነበር። እስከ 2013 ድረስ 14,000 ማብላያዎች እንዲሠሩ ታቅዶ ከ8,000 ጥቂት የሚበልጡ ተሠሩ። ይህን ቁጥር ለነቀፋ አላነሣሁትም፤ ጉድጓድ መቆፈር ቀላል፣ ጋዙን ማዝለቅ ግን ከባድ መሆኑን ያሳያልና ነው።

የማብላያው ሒሳብ ለማንም ገበሬ ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ እርጥብ እበት በግምት 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። በቀን 40 ኪሎ እበት ካለ 1,600 ሊትር ይገኛል ማለት ነው። አንድ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ያህል ስለሚፈጅ ለአራት ሰዓት ይበቃል። ይህም በየቀኑ 40 ሊትር ውኃ፣ ማለትም ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይጠይቃል። ውኃው ሩቅ ከሆነ ባዮጋዙ የእንጨት ሸክምን ወደ ውኃ ሸክም ለወጠ እንጂ ሸክም አላቀለለም። አራት ሰዓት ለመነኮሳት ሻይ፣ ንፍሮና ወጥ ይበቃል፤ ለክብረ በዓል ምእመናን ግን ፈጽሞ አይበቃም። እንጀራ መጋገርም ሌላ ችግር ነው። ምጣዳችን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጋል አለበት። ትንሽ የጋዝ ምድጃ መካከሉን አሳርሮ ዳሩን ጥሬ ይተዋል። ከውጭ የመጣው ምድጃ ለሩዝ ድስት የተሠራ ነውና የኢትዮጵያ ተመራማሪ ካልደከመበት ማንም አይደክምበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ ገዳም ለክትትል ሄጄ ያየሁትን ልናገር። ማብላያው በጥሩ ሁኔታ ተሠርቶ ተመርቋል። አንድ የጥናት ቡድን መጥቶ የእበቱንና የዝቃጩን ናሙና ወስዷል። የሚመለከተው ጽሕፈት ቤትም በሪፖርቱ «ተጠናቀቀ» ብሎ መዝግቧል። እኔ ስደርስ ግን ከጉልላቱ በላይ ያለው የጋዝ መዝጊያ ያፈስ ስለነበር ምድጃው ከነደደ ስምንት ወር አልፎት ነበር። የተበላሸው አንዲት ትንሽ ጎማ ናት። ግንበኛው ሌላ ሥራ አግኝቶ ከአካባቢው ሄዷል፤ ዕቃው በቅርብ ከተማ አይሸጥም፤ የናሙናው ውጤት አልተመለሰም። የእርሻ ሥራውን የሚመሩት አባት «ልጄ፣ ሁሉም መጥተው ነበር፤ ግን አብረው አልመጡም» አሉኝ። ክትትሉን ያዘገየሁት እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ። ዝቃጩን ግን አባቶች በጎመናቸውና በጌሾአቸው ላይ አፍስሰውት አትክልቱ አምሮበት አገኘሁት። ኩበት ሲነድድ እሳቱ ይገኛል፣ የመሬቱ ምግብ ግን ይጠፋል። እበቱ ሲብላላ ጋዙም ይገኛል፣ ማዳበሪያውም ይተርፋል። እንዲያውም ለብዙ ገበሬ ከጋዙ ይልቅ ዝቃጩ ሳይበልጥበት አይቀርም።

በየስብሰባው ካህናት የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ ከእበት በተገኘ እሳት ምግብ ማብሰል ይገባልን? መጸዳጃ ቤት ከማብላያው ጋር ቢያያዝስ? ነገሩ አዲስ አይደለም። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 4 ነቢዩ ስለሚጋግርበት ማገዶ ለእግዚአብሔር ያቀረበውን ልመናና የተፈቀደለትን ያነበበ፣ የሰውና የከብት ነገር በአንድ ዐይን እንዳልታየ ያስተውላል። በኩበት የሚጋግሩ እናቶቻችንም ከጥንት አሉ። ስለዚህ የከብት እበት ለማዕድ ቤት እንዳያስቸግር አምናለሁ፤ መጸዳጃ ቤትን ማያያዝ ግን ኅሊናው ያልተቀበለውን ማኅበር አስገድዶ ሊሠራ አይገባም፤ ያለ እርሱም ማብላያው ይሠራል። ለቤተ ልሔም እሳት ግን ፕሮጀክት ሠራተኛ መልስ ሰጪ አይደለም። ያ ለሊቃነ ጳጳሳትና ለሊቃውንት የሚቀርብ ነው። እስከዚያው በቤተ ልሔም የእንጨቱን እሳት ትተን ጭሱን ብቻ የምናወጣበት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የጭስ መውጫ ማበጀት ማንንም አያከራክርም።

ፖሊሲ ማገዶን እንዴት እንደሚያዛውር ለማየት ኤታኖልን በአጭሩ እንመልከት። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኤታኖል ያመርታል። በጅግጅጋ አካባቢ በሚገኙ የስደተኞች መጠለያዎች ይህ ኤታኖል ንጹሕ የማብሰያ ነዳጅ ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአዲስ አበባ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር በአምስት በመቶ መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011 ወደ ዐሥር በመቶ ከፍ አለ። ሁለቱም ዓላማ መልካም ነው፤ ምንጩ ግን አንድ ነው። መኪናውና ምድጃው ከአንድ በርሜል ሲቀዱ ድምፅ ያለው የትኛው እንደሆነ አይጠፋችሁም።

በጣና ዙሪያ ያሉ አድባራትና ገዳማት ስለ እምቦጭ ይጠይቃሉ። አረሙ ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ነውና ለማንደድ አይመችም፤ ለማብላያ ግን ይሆናል። ችግሩ ማጓጓዣው ነው፤ ውኃ ለመጫን ነዳጅ ማቃጠል ይሆናል። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ርቆ የሚታቀድ ፕሮጀክት ሲቀርብላችሁ የትራንስፖርቱን ሒሳብ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰበካ ጉባኤ ተመራማሪም ፋብሪካም መንግሥትም አይደለም፤ ሦስቱን በአንድ ወንበር የማስቀመጥ ተሰሚነት ግን አለው። ከዩኒቨርሲቲ ናሙና ሊወስድ የሚመጣ ካለ ውጤቱን በአማርኛ ጽፎ እስከ መቼ እንደሚመልስ በደብዳቤ ይፈርም። ግንበኛው ወይም ምድጃ አምራቹ የክፍያው ጥቂት ክፍል ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ እንዲለቀቅለት ይስማማ፤ መለዋወጫውም አብሮ ይገዛ። የወረዳው ውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ በምረቃው ዕለት ብቻ ሳይሆን በስድስተኛው ወር እንዲመጣ ቀኑ ይቆረጥ። ከደብሩም ሁለት ወጣቶች መዝጊያ መፍታትና መግጠም ይማሩ።

ከዚያም በፊት አንድ ሥራ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የወፍጮ ቤቱን ሚዛን ተዋሱ። በሦስት የመጋገሪያ ቀናት በጉልቻ፣ በሌሎች ሦስት ቀናት በተሻሻለው ምድጃ፣ ያቺው ጋጋሪ ከዚያው ሊጥ ትጋግር። እንጨቱ ከአንድ ክምር የተወሰደና እኩል የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውኃ ነውና ሚዛኑን ያሳስታል። ከመጋገሩ በፊት እንጨቱን፣ በኋላ የተረፈውን፣ በመጨረሻም የተጋገረውን እንጀራ መዝኑ። ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ኪሎ እንጨት እንደ ወጣ ጻፉ። የጋጋሪዋንም ቃል ጨምሩበት፤ ዐይኗን ቃጠላት ወይስ አላቃጠላትም፣ ምጣዱ ቶሎ ጋለላት ወይስ አስቸገራት። በጥናት ቤት ውኃ በማፍላት የተገኘ ቁጥርና በደብር ማድ ቤት የተገኘ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ ተመራማሪዎች ከእኛ የሚፈልጉትም ይህን ሁለተኛውን ነው። የሞላችሁትን መዝገብ ቅጂ በቅርብ ላለው የኮሚሽናችን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አድርሱ፤ ዋናው ከሰበካ ጉባኤው የንብረት መዝገብ ጋር ይቀመጥ።