አብሮ አይቶ ለየብቻ መፍረድ

አንድን ፊልም ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩታል። መብራቱ ሲበራ ግን ሁለቱ ያዩት ነገር አንድ ሆኖ አይገኝም። አንደኛው «ግሩም ነው» ሲል ሌላኛው «ኧረ ምኑ ነው ግሩሙ?» ይላል። ተመልካቾቹ ባልና ሚስት የሆኑ እንደሆነ ደግሞ ክርክሩ በሲኒማ ቤት በር ላይ አያበቃም። ቤት ድረስ ይከተላቸዋል፤ እራት ላይም ይቀመጣል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባልና ሚስት እንውሰድ። እሱ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ እሷ ልብስ ሰፊ ናት። በሰባተኛ ክፍል የምትማር የ13 ዓመት ልጅ አለቻቸው። ቅዳሜ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ አብረው ፊልም ያያሉ። ልጅቱ አክስቷ ዘንድ ባደረችበት አንድ ቅዳሜ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም አዩ እንበል።

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን በአጭሩ እንንገራቸው። ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ከበው ይጠልፏታል። ጠላፊው «ላገባት ነው» ይላል፤ ይደፍራታልም። ልጅቱ ጠመንጃ አንሥታ ስታመልጥ ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድለዋለች። ከዚህ በኋላ አንዲት ጠበቃ ቆማ ትከራከርላታለች። ይህ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. አበራሽ በቀለ በተባለች ልጅ ላይ የደረሰ ነው። ጠበቃዋም ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ እሳቸው ኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። ልጅቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቃለች። ፊልሙን ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ሲሆን በ2006 ዓ.ም. ለተመልካች ቀረበ። (በነገራችን ላይ በ1957 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ባለታሪክም ስሟ ሂሩት ነው።)

የባልና ሚስቱ ክርክር የጀመረው ከስሙ ነው። ሚስትየዋ «ስሙን ወድጄዋለሁ፤ የልጅቱን ጀግንነት ይናገራል» አለች። ባልየው ደግሞ «የለም፤ መደፈሯን ነው የሚናገረው። እንዲህ ያለ ስም በአደባባይ ይለጠፋል?» አላት። እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ደፈረ» የሚለው ግስ ሁለት መንገድ አለው። ሳይፈራ ወደፊት ያለ ሰው ደፈረ ይባላል፤ ደፋርም ነው። የሰውን ክብርና ገላ በጉልበት የነካም ደፈረ ይባላል። በፊልሙ ውስጥ ሰውየው ይደፍራል፣ ልጅቱም ትደፍራለች። የፊልሙን ስም ወደ ሌላ ቋንቋ እንመልሰው ብንል አንዱ ትርጉም መውደቁ አይቀርም። በአማርኛ ግን ሁለቱም በአንድ ቃል ውስጥ ይኖራሉ።

ቀጥሎ ስለ ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። በፊልሙ ውስጥ የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጉዳዩ ላይ ይመክራሉ። ባልየው ተቆጣ። «ገጠር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሽማግሌ ባይኖር ስንት ደም ይፈስ ነበር! ፊልሙ አገሬውን አውሬ አስመስሎታል» አለ። ሚስቱም «አላስመሰለውም። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ሲናገር፣ ሌላው ሲያዳምጥ አይተናል። እንዲያውም ከእኛ እድር ስብሰባ ይሻላሉ» ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን «የምክሩ ጉዳይ የልጅቱ ነው። ልጅቱስ የት አለች?» ብላ ጠየቀችው።

የባልየው ቅሬታ መናቅ የለበትም እንላለን። ካሜራ የሚያየው ወደ ዞረበት ብቻ ነው። አንድን መንደር በአንድ ወንጀል ብቻ ያሳየን እንደሆነ የቀረው ሕይወት ከሥዕሉ ውጭ ይቀራል። ሽምግልናም በአገራችን ብዙ ቂም ያበረደ ነው። ነገር ግን የሚስትየዋ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። እርቅ የሚባለው በሁለት ቤተሰብ መካከል ሆኖ የተበደለችው ልጅ እንደ ከብት ካሣ የሚነገርላት ከሆነ፣ የታረቀው ማን ነው?

ሕጉም ቢሆን ለረዥም ጊዜ ከዚህ ብዙ አልራቀም ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። ይህ በር የተዘጋው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ሴትን የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም። አስገድዶ መድፈር ከታከለበት በዚያም ይጠየቃል።

ባልየው ይህን ሲሰማ ዝም አላለም። «አያቴ አያቴን ጠልፎ ነው ያገባት። አርባ ዓመት በሰላም ኖረዋል፤ ሰባት ልጅ ወልደዋል» አለ። ሚስቱ ስኒውን አስቀመጠች። «በሰላም መኖሯን ማን ነገረህ? እሷን ጠይቀሃታል?» አለችው። አልጠየቃትም ነበር። አያቱ ስለ ፍየሎቿ፣ ስለ ረኀቡ ዘመን፣ ስለ ልጆቿ ብዙ ትነግረው ነበር። ወደዚያ ቤት እንዴት እንደ ገባች ግን አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። እሱም የማይነገር ነገር መኖሩን ያስተዋለው ገና ያን ማታ ነው።

በሌላ ነገር ላይ ግን ባልየው ሚስቱን አሸነፋት። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆሞ ነበር፤ ኋላ እግዱ ተነሥቶ ታየ። የክርክሩ ሥር የባለታሪኳ መብት ነው። «አየሽ፣ አንቺ ልጅቱ የት አለች ብለሽ ሽማግሌዎቹን ጠየቅሽ። ፊልም ሠሪውንስ?» አላት። ሚስትየዋ ለዚህ ወዲያው መልስ አላገኘችም። ፊልሙ ለብዙ ሴቶች ልጆች ይጠቅማል ብላ ታምናለች፤ የሰው ቁስል ያለ ሰውየው ፈቃድ አደባባይ መውጣቱም አይዋጥላትም። ሁለቱ ሐሳቦች እኩል ሲጎትቷት አንዱን ለመልቀቅ አልቸኮለችም። ደግ አደረገች።

እንዲህ ያለው ጭውውት እንዳይጣላ የረዳቸው አንድ ልማድ አላቸው። «አልወደድኩትም» ያለ ሰው የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ መናገር አለበት። ያን ማታ እሱ ከሁሉ በፊት ያነሣው ተኩሱን ነው፤ እሷ ደግሞ ልጅቱ ከትምህርት ቤት የምትመለስበትን መንገድ። እሱ ያን መንገድ ከነጭራሹ አላስታወሰውም። እሷ በልቧ ስንት ጊዜ ሄዳበታለች! ልጃቸው በየቀኑ ከትምህርት ቤት በእግሯ ነው የምትመለሰው።

የቀራቸው ክርክር ፊልሙን ለልጃቸው እናሳያት ወይስ አናሳያት የሚለው ነው። እናትየዋ «በሂሩት ዕድሜ ልትሆን አንድ ዓመት ነው የቀራት፤ አሁን ካላወቀች መቼ ልታውቅ ነው?» ትላለች። አባትየው «ትፈራለች፤ መንገዱን ሁሉ ትፈራለች» ይላል። እሷም «እኔ እኮ ፊልም ሳላይ ነው የፈራሁት» አለችው። ለጊዜው የተስማሙት በዚህ ነው፦ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመሪያ ታሪኩን አባትየው በቃሉ ይነግራታል፤ ማየት የምትፈልግ እንደሆነ ልጅቱ ራሷ ትናገራለች።