ግሪኮች በግብጽ፤ የገዢ ቋንቋና የገባር ጉልበት

በጥንታዊት ግብጽ ላይ ስለ ሠፈነው የግሪኮች አገዛዝ ሲወራ፣ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍትና ንግሥት ክሊዎፓትራ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱን ያቆመው ሀብት ከማን ጉልበት እንደ ወጣ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

፩. የአገዛዙ አመሠራረት

ታላቁ እስክንድር ግብጽን ከፋርሶች እጅ የነጠቀው በ332 ነው። በ323 ሲሞት ከጦር አለቆቹ አንዱ የሆነው ፕቶለሚ አገሪቱን ያዘ፤ በ305 ደግሞ ንጉሥ ተባለ። ዘሮቹ እስከ 30 ድረስ ገዙ። እነዚህ ነገሥታት በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የፈርዖንን ዘውድ ደፍተው ለግብጽ አማልክት ሲሠዉ ተሥለዋል። በቤተ መንግሥታቸውና በጽሕፈት ቤታቸው ግን ግሪኮች እንደ ሆኑ ቀሩ።

፪. የገበሬው ኑሮ

የንጉሡን መሬት የሚያርሰው ገበሬ ዘሩን ከመንግሥት ይበደራል፤ አዝመራውንም በዘበኛ ዓይን ሥር አውድማ ላይ ያስረክባል። በ259 የተጻፈው የገቢ ደንብ የብዝበዛውን አሠራር በግልጽ ያሳያል። ሰሊጥና ጉሎ የዘራ ሰው ምርቱን የሚሸጠው በተተመነ ዋጋ፣ ለመንግሥት ወኪል ብቻ ነው። የዘይት መጭመቂያው ሥራ በሌለበት ጊዜ በማኅተም ይታሸጋል። ጨማቂው ከአውራጃው እንዳይወጣ ይከለከላል። ከውጭ ለመጡት ወታደሮች ግን በፋዩም ረግረጉ እየደረቀ መሬት ይመሩ ነበር።

፫. ቋንቋ እንደ ሥልጣን በር

ዜኖን ለተባለ የርስት አስተዳዳሪ ከተጻፉት ደብዳቤዎች አንዱ፣ ግሪክ ያልሆነ ሠራተኛ ያቀረበው አቤቱታ ነው። ደመወዙን እንደ ተከለከለ፣ የግሪክን ወግ ስለማያውቅም እንደ ተናቀ ያመለክታል። አቤቱታው ራሱ የተጻፈው በግሪክኛ ነው!

ግሪክኛ የተማረ ግብጻዊ የመንደር ጸሐፊ ለመሆን ይችል ነበር። እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንዱ የግሪክ፣ አንዱ የግብጽ። ባዕዱ አገዛዝ እስከ ገበሬው ጎጆ የደረሰው በነዚህ ሰዎች ብዕር ነው።

፬. ካህናትና አመጽ

በ217 በራፊያ ጦርነት ንጉሡ ሰው ስላነሰው 20,000 ያህል ግብጻውያንን አስታጠቀ። ድሉ ለንጉሡ ሆነ፤ የታጠቀው ሕዝብ ግን የራሱን ኃይል ዐወቀ። ብዙ ሳይቆይ ደቡቡ ክፍል ተገንጥሎ፣ ሆርወነፈርና አንክወነፈር የተባሉ የአገር ተወላጅ ፈርዖኖችን በተከታታይ አነገሠ። አመጹ የተደመሰሰው በ186 ነው።

በዚሁ መካከል፣ በ196፣ በሜምፊስ የተሰበሰቡት ካህናት ለቤተ መቅደሶች ግብር የቀነሰውንና ዓመፀኞችን የቀጣውን ንጉሥ የሚያመሰግን ዐዋጅ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1799 የተገኘው ዝነኛው የሮዜታ ድንጋይ ይህ ዐዋጅ የተቀረጸበት ነው። ዛሬ የጥንት ጽሑፍ መፍቻ ቁልፍ ብለን የምናደንቀው ድንጋይ፣ በጊዜው የዙፋንና የቤተ መቅደስ ውል ነበረ። ማመጽ ያልቻለው ገበሬ ደግሞ መሬቱን ጥሎ ይሸሽ ነበር።

፭. መደምደሚያ

ወደ 300 ዓመት የሚጠጋው አገዛዝ የሕዝቡን ቋንቋ አላጠፋም። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚለው፣ ከዚያ ሥርወ መንግሥት የግብጽን ቋንቋ የተማረችው የመጨረሻዪቱ ገዢ ክሊዎፓትራ ብቻ ነበረች። ሕዝቡ ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ የግሪክን ፊደል ወስዶ፣ ከራሱም ጥቂት ምልክት ጨምሮ፣ ቋንቋውን በቅብጥ ጽሑፍ አቆየው።

እኛም በባዕድ ቋንቋ የምንማር ነንና የመንደሩ ጸሐፊ ነገር በቅርብ ይመለከተናል። ቋንቋ ማወቁ ጥፋት አልነበረም። ዕውቀቱ ግን ገበሬው ሊያነበው የማይችለውን የግብር መዝገብ ለመሙላት ዋለ።

ለውይይት፦
ሀ) ካህናቱ ከገበሬው ይልቅ ከንጉሡ ጋር የተስማሙት ለምንድን ነው?
ለ) የመንደሩ ጸሐፊ ዕውቀቱን ለወገኑ ሊያውለው ይችል ነበርን? እንዴት?