የተጣለ ዕቃ ዳግመኛ ስለሚያገለግልበት ብልሃት

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች

በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ልጆችን የሚጠራው ደወል ከነሐስ የተሠራ ሳይሆን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። መኪናው ከተሰበረ ብዙ ዘመን ሆኖት ይሆናል፤ ቸርኬው ግን በብረት ሲመቱት ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። እንግዲህ ልጁ ገና ፊደል ሳይቆጥር በደጅ ቆሞ የሚሰማው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ አንድ ዕቃ ፊተኛውን ሥራ ስለ ጨረሰ ሌላ ሥራ አይገኝለትም ማለት አይደለም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። የተሰነጠቀ ቅል ተሰፍቶ እህል ይይዝ ነበር፤ ያረጀ ልብስ ተደራርቶ ድሪቶ ይሆን ነበር፤ እበቱም ደርቆ ኩበት ሲሆን ምጣድ ያሞቅ ነበር፤ አመዱም ወደ ጓሮ ይመለስ ነበር። የቀድሞ ሰው የሚጥለው ብዙውን ጊዜ አፈር የሚበላው ነበርና በምድር ላይ ሲከማች አይታይም ነበር። የዛሬው ፌስታልና ጎማ ግን እንደ ቅልና እንደ ገለባ አይበሰብስም። ፌስታሉ የውኃ መውረጃውን ይደፍናል፤ ከብት ቢውጠውም በሆዱ ተጠቅልሎ ይገድለዋል።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለውን ቦሌ አራብሳን መመልከት ይቻላል። ቀድሞ እርሻ በነበረው ምድር ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰፍሮበታል። በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ጓሮ ስለሌለው የሰበረውንና ያረጀበትን የሚያኖርበት ሥፍራ ያጣል። ለዚህ ችግር ከሚረዱት አንዱ ቆራሌ ነው። ቆራሌ በየሰፈሩ እየዞረ ቆርቆሮ፥ ጠርሙስ፥ ጀሪካንና አሮጌ ጫማ የሚገዛ ነጋዴ ነው፤ ስሙም «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የወጣ ነው ይባላል።

በከተማው የተሰበሰበው አሮጌ ዕቃ ከሚደርስባቸው ሥፍራዎች አንዱ በመርካቶ ያለው፥ ስሙ የታወቀው ምናለሽ ተራ ነው። በዚያ በርሜሉ ተቀድዶና ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል፤ ጎማውም በረባሶ ይሆናል። የበረባሶ ሠራተኛ አስቀድሞ የጎማውን ጐን ከመርገጫው ይለያል። ሲቈርጥም ስለቱን ውኃ ያስነካዋል፤ ውኃው ላስቲኩ ስለቱን እንዳይዘው ያደርጋልና። ወፍራሙ መርገጫ ሶል ይሆናል፤ ማሰሪያው ከከለመዳሪ ወይም ከጎማው ውስጠኛ ንጣፍ ይወጣል። በጎማው ውስጥ ክር ስላለበት ምስማሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህም ድንጋይና እሾህ በበዛበት አገር ለገበሬ እግር ይስማማል።

ይህን የገበሬ ጫማ ብዙዎች ሲንቁት ኖረዋል። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አቋቁመው፥ ሶሉን ከአሮጌ ጎማ፥ ላዩን በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ እያሠሩ ወደ ውጭ አገር ሸጡት። የተናቀው ብልሃት ባሕር ተሻግሮ ገበያ አገኘ።

ከዘነበወርቅ ብዙ ሳይርቅ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ መጣያ አለ። የከተማው ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ እየተከመረ ተራራ ሆነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ስለዚህ አንድ ሰው በከተማው ምሥራቅ የጣለው ነገር በዚያው ጠፋ ማለት አይደለም፤ በሌላው ሰው ደጅ ያርፋል።

ልጆች ይህን ሥራ እንዲወድዱ ከተፈለገ አስቀድሞ ንቀቱ መወገድ አለበት። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አንጥረኛውንና ሸማኔውን መስደብ ነውር ከሆነ ቆራሌውን መስደብም ነውር ነው። ይህንም ከአስተማሪው ይልቅ ሽማግሌው ቢናገረው በልጆች ልብ ያድራል።

አስተማሪው ያለ ገንዘብ ሊያሠራቸው የሚችል ሥራ ይህ ነው። ቆርኪ ሰብስበው በ10 በ10 እየደረደሩ መደመርና ማባዛት ይማሩበት። የተሰበረ ጀሪካን ተቆርጦ ከሥሩ ቢበሳ የጎመን ችግኝ ማፍያ ይሆናል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስም ከታች በምስማር ቢበሳ የእጅ መታጠቢያ ይሆናል፤ ክዳኑ ሲላላ ውኃው ይወርዳል፥ ሲጠብቅ ይቆማል።

ነገር ግን የተጣለ ሁሉ ለሥራ አይሆንም። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ሰባት ጊዜ ቢታጠብ እንኳ ለውኃና ለዘይት አይሁን። ጎማና ፌስታል አይቃጠሉ፤ ጢሳቸው ለሳንባ መርዝ ነው። የመኪና ባትሪ በልጅ እጅ አይከፈት፤ በውስጡ ያለው እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። አሮጌ ጎማም ዝናብ እንዲያቁር በደጅ አይተው፤ የወባ አገር ባይሆንም ቢምቢ ይራባበታል።

ለልጆች የሚቀርብ ጥያቄ፦

1. በቤታችሁ ሁለተኛ ሥራ ያገኘ ዕቃ የትኛው ነው? ፊተኛው ሥራው ምን ነበር?
2. ሠራተኛው ጎማ ሲቈርጥ ስለቱን ውኃ የሚያስነካው ስለ ምንድር ነው?
3. ለውኃ መቅጃ የማይሆን ጀሪካን እንደ ምን ያለ ነው?
4. በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ የተጣለው ነገር በመጨረሻ በማን ደጅ ያርፋል?