በድንገተኛ አደጋ ለተለየ ሰው ቤተሰብ መጽናኛ

ጥያቄ፦ በመኪና አደጋ፣ ሳይናዘዝና ሳይቆርብ በድንገት ለሞተ ክርስቲያን ቤተሰብ ምን መጽናኛ አለ? (ከሐራ፣ ወሎ)

መልስ፦ ድንገተኛ ሞት የኀጢአት ቅጣት ነው የሚለው ወሬ ሐዘንተኛን ዳግም የሚያቆስል ሲሆን፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በአደጋ ለሞተ ምእመን ጸሎተ ፍትሐት፣ ማለትም ነፍሱ ከኀጢአት እስራት እንድትፈታ የሚደርሰውን ጸሎት ታደርሳለች፤ ቤተሰቡም በ40ኛው ቀን ተዝካር፣ ይኸውም የመታሰቢያ ጸሎትና ምጽዋት፣ ያደርግለታል። እንባም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ክርስቶስ ራሱ ለአልዓዛር አልቅሷል። በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብር መረዳጃ ማኅበር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐዘንተኛውን ይደግፋል፤ ጎረቤት ሲበተን ግን ሐዘኑ ይበረታልና፣ የንስሐ አባት ጉብኝት ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።