ዘጠኝ ሰዓት ማለት ስንት ሰዓት ነው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሰዓት ነው። «ሰዓትማ ተምረናል እኮ!» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ከገና በፊት ከተማሪዎቻችን አንዱ ከእናቱ ጋር ጥገኝነት ጠያቂዎች ሻይ ወደሚጠጡበትና እንግሊዝኛ ወደሚለማመዱበት አዳራሽ ሄዶ ነበር። እናቱ እዚያ በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ። ከአገር ቤት ከመጡ ገና አንድ ወር ያልሞላቸው ሰው ደብዳቤ ይዘው ወደ ልጁ ቀረቡና «የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ፤ ምን ትላለች?» አሉት። ደብዳቤው ከጠበቃቸው የመጣ ነው። ልጁም አንብቦ «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ አለዎት» አላቸው። (ልብ በሉ፣ «አለህ» አላለም፤ «አለዎት» ነው ያለው። ስሰማ በጣም ደስ አለኝ።) ሰውየውም መርቀውት ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ከቢሮው በር ላይ ደረሱ። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ጠበቃዋ ደግሞ የጠበቀቻቸው በእንግሊዝ 9 ሰዓት፣ በጠዋት ነበር። ደብዳቤው ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤኤም» የሚል ነበረበት፤ ልጁ እሱን ዘሎታል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘገዩ። ሌላ ቀጠሮ እስኪያገኙ ሦስት ሳምንት ጠበቁ።

ልጁ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። በአማርኛ እስከ አሥራ ሁለት መቁጠር አስተምሬያችኋለሁ፤ ሰዓታችን ከየት መቁጠር እንደሚጀምር ግን አላስተማርኳችሁም።

እንግዲህ እንማር። በአገራችን ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ «አንድ ሰዓት» እንላለን። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ቆጠራው ይመቻል። እዚህ እንግሊዝ አገር ይህን እንሞክር ብንል ጉድ ነው! በዲሴምበር ትምህርት ቤት ስትሄዱ ገና ጨለማ ነው፤ በጁን ደግሞ እናንተ ሳትነሡ ፀሐይዋ ወጥታ ትጠብቃችኋለች።

ዘዴውን ልንገራችሁ። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ተመልከቱ። አጭሩ ዘንግ 9 ላይ ከሆነ ከ9 ትይዩ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 3 ነው አይደል? ስለዚህ የእንግሊዝ 9 ሰዓት በእኛ ሦስት ሰዓት ነው። 12 ከሆነ ትይዩው 6 ነው። ሁልጊዜ ልዩነቱ ስድስት ነው። ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ የሚለውን ጨምሩበት።

አሁን «አንድ ቀጠሮ ቢያልፍ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ለእኔና ለእናንተ ብዙ ላይሆን ይችላል። ጥገኝነት ጠያቂ ማለት ግን በአገሩ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በመሳሰለው ምክንያት ስደት ይደርስብኛል ብሎ የሸሸ፣ «አስጠጉኝ» ብሎ ያመለከተና መልስ የሚጠብቅ ሰው ነው። እንግሊዝ እንዲህ ያለውን ሰው ጉዳይ ለማየት በ1951 በወጣው የስደተኞች ስምምነት ፈርማለች። መልሱ ግን ቶሎ አይመጣም። እስኪመጣ ድረስ አብዛኞቹ ሥራ መሥራት አይፈቀድላቸውም። መኖሪያ የሌላቸው መንግሥት ወደመረጠላቸው ከተማ ይላካሉ፤ ከተማውን ራሳቸው አይመርጡም። በጃንዋሪ 2024 በወጣው ተመን፣ ምግቡን ራሱ ለሚያበስል ሰው በሳምንት 49 ፓውንድ ከ18 ፔንስ ይሰጠው ነበር። ምግብ፣ አውቶብስ፣ ስልክ፣ ሳሙና፣ ሁሉም ከእሷ ነው። ያ ሰውዬ ለከንቱ የከፈሉት የአውቶብስ ሒሳብ ቀላል አልነበረም።

«ጥገኝነት» የሚለውን ቃል እንየው። «ጥግ» ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። መንገድ ላይ ዝናብ ቢይዛችሁ የሰው ቤት ጥግ ትጠጋላችሁ። ባለቤቱ ደግ ከሆነ ኑ ግቡ ብሎ ያስጠጋችኋል፤ ቤቱ መጠጊያችሁ ይሆናል። ተጠጋ፣ አስጠጋ፣ መጠጊያ፣ ጥገኛ፣ ጥገኝነት፤ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። («ጥገኛ» ብቻውን ሲነገር እንደ ስድብ ይሆናልና ሰውን እንዲህ ብላችሁ አትጥሩ።) በ2005 ሼፊልድ ውስጥ የከተማው ሰዎች ለስደተኞች መልካም አቀባበል ለማድረግ ተሰባስበው እንቅስቃሴ ጀመሩ፤ በ2007 ሼፊልድ የመጀመሪያዋ «የመጠጊያ ከተማ» ተባለች። ዛሬ ብዙ ከተሞች ይህን ስም ይዘዋል። የእኛም ሰው በዚህ አገር ተጠግቶ ያውቃል፤ ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 ባዝ ከተማ ውስጥ በስደት ኖረዋል። የኖሩበትም ቤት ፌርፊልድ ሐውስ ዛሬም አለ።

ወደ ትምህርታችን እንመለስ። ከሰዓቱ ይልቅ የሚከፋው የዓመተ ምሕረቱ ነው። ጥር 11 ቀን 2001 የተወለደ ልጅ አለ እንበል፤ የጥምቀት ልጅ። በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2009 ነው። መቼ ተወለድክ ሲሉት «2001» ብሎ ቢያስጽፍ በወረቀት ላይ ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው! ልጅ ሆኖ ሳለ እንደ ትልቅ ሰው ተቆጥሮ ከማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ጋር ሊያድር ይችላል፤ ትምህርት ቤትም ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረት ስትሰሙ «በማን አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ነው።

ስምም አለ። እዚህ አገር ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም ይጠየቃል። እኛ ደግሞ ያለን የአባት ስም ነው፤ የእናትየዋ ሌላ፣ የልጅየው ሌላ። ትምህርት ቤት ያለችው ጸሐፊ «እውነት እናቱ ነሽ?» ብትል ክፉ ሆና አይደለም፤ የሚያስረዳት አጥታ ነው። ይህን በአንድ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ማስረዳት እናንተ ትችላላችሁ። የስሙን አጻጻፍ ግን አታርሙ። «ፀሐይ» በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ካርዳቸው ላይ እንዳለው ገልብጡት፣ ስሕተት ቢመስላችሁም።

እንግዲህ ሁሉን እንርዳ ብላችሁ ደግሞ ከአቅማችሁ በላይ አትግቡ። ሐኪም ቤትና ጠበቃ ዘንድ ማስተርጎም የልጅ ሥራ አይደለም። ለዚያ የሰለጠነ አስተርጓሚ ይጠየቃል፤ በሐኪም ቤትም ያለ ክፍያ ነው። የቀጠሮ ደብዳቤም ቢሆን ካነበባችሁ በኋላ ለትልቅ ሰው አሳዩ። «እንዴት መጣህ? ባሕሩን በጀልባ ነው የተሻገርከው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ራሳቸው ካወሩ ስሙ። ፎቶ አታንሡ። ደግሞ ሐበሻ የመሰላችሁ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ እንዳይመስላችሁ፤ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ይኖራል። «ሰላም» ካላችሁ ግን ሁሉም ይገባቸዋል።

ትልልቆቹን «ጋሼ»፣ «እትዬ» በሏቸው። አንዲት እናት ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? እዚህ ከመጡ ጀምሮ በቁጥር ወይም በስማቸው ብቻ ነበር የሚጠሩት። አዳራሹ ውስጥ አንዲት የእኛ ተማሪ «እትዬ፣ ሻይ ላምጣልዎት?» ስትላቸው ዕንባቸው መጣ።

ያ ተማሪያችን ስለ ቀጠሮው ሲሰማ አፍሮ ሁለት ሳምንት ወደ አዳራሹ አልሄደም። በሦስተኛው እናቱ ይዘውት ሄዱ። ሰውየው ሲያዩት ሳቁና «ጎረምሳው፣ ዛሬስ ስንት ሰዓት ነው?» አሉት። ልጁም «በእንግሊዝ ከቀኑ 2 ሰዓት፣ በእኛ ስምንት» አላቸው። አሁን ቀጠሮ ሲያነብ ሁልጊዜ ሁለቱንም ይላል፤ ሰውየውም በማስታወሻ ደብተራቸው ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጽፋሉ።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ለአንድ አዲስ መጪ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ በአማርኛ ጻፉ። የሐኪም ቀጠሮ ማክሰኞ 10:15 ኤኤም ነው። አውቶብሱ የሚነሣው 7:45 ኤኤም ነው። የእንግሊዝኛ ክፍሉ የሚጀምረው 2:30 ፒኤም ነው። ከዚያ አባታችሁን ወይም እናታችሁን የተወለዱበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠይቁና ወደ አውሮፓ ቀይሩት። ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፤ የምንጀምረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ በእኛ!