ለሳሎንህ መኳንንት ከመምረጥህ በፊት

ልጄ፣ አይከል ላይ የጀመርኸውን ቤት ጨርሰህ በመግባትህ እንኳን ደስ አለህ። ሳሎኑን በነገሥታትና በመኳንንት ምስል፣ ያውም አሉሚኒየም ላይ አሳትመህ ልታስጌጥ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሐሳቡን አልነቅፍም። ከጎንደር መተማ የሚመላለሰው ወዳጅ ዘመድህ ጎራ ብሎ ቡና ሲጠጣ «ይህ ማን ነው?» ማለቱ ግን አይቀርም። ማንነቱን መናገር የማትችለውን ሰው አትስቀል። ሌላው ምክሬ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ፎቶውን ከሥዕሉ ለይ።

በየሱቁ የምታየው ሹሩባ የተሠራው የአጼ ቴዎድሮስ ምስል ሥዕል ነው። ንጉሡ በሕይወታቸው የተነሡት ፎቶ እስካሁን አልተገኘም። ካሉት ምስሎች ብዙዎቹን የሣሏቸው ንጉሡን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ናቸው፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ እንግሊዞች አስከሬናቸውን አይተው የነደፉትም አለ። አጼ ዮሐንስ ግን ከልጃቸው ከአርአያ ሥላሴ ጋር የተነሡት ፎቶ አለ። በምኒልክና በጣይቱ ዘመን ደግሞ ካሜራ ቤተ መንግሥት ገብቷል፤ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያንና በኋላም ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ።

ቴዎድሮስን መስቀል ከፈለግህ ስቀል፤ ከግርጌው ግን «ሥዕል» ብለህ አጽፍበት። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር የፈጠረው የእቴጌ ምንትዋብ «ፎቶ» ሳይቀር በስልክ ይዞራል። ምንትዋብ ያረፉት በ1765 ዓ.ም. ነው፤ ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጸው በ1831 ዓ.ም. ነው። የፊቱ ጥራት እንደ ትናንት ሠርግ ፎቶ ከሆነብህ እጅህን ሰብስብ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

2. ሞክሼዎችን አታምታታ።

ካሳ ኃይሉ የሚባሉ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት የቋራው ካሳ፣ ሁለተኛው የሰላሌው ልዑል ራስ ካሳ። ራስ ጉግሣም ከአንድ በላይ ናቸው፤ የየጁው ጉግሣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው የገዙት ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት ነው። በፎቶ ከምታገኛቸው አንዱ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩት፣ በጌምድርን ሲገዙ ቆይተው በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የተገደሉት ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። አታሚው ያልተጻፈለትን አይጠይቅህም፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ማዕረጉንና ዘመኑን አንተው ጽፈህ ስጠው።

3. ክብሩንም በደሉንም አብረህ ያዝ።

ቴዎድሮስ የጎረቤታችን የቋራ ልጅ ናቸው፤ የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ መነሣታቸው ያኮራናል። እኒሁ ንጉሥ ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ እንኳ አልተረፉም። የሱዳን ደርቡሾች መጥተው ጎንደርን ዳግም ሲያቃጥሏት ከዚያ ወዲህ ገና ሃያ ዓመት ከጥቂት ቢሆን ነው። ልጅህ ሥዕሉን እያየ ሲያድግ አንዱን ነግረህ ሌላውን አትደብቀው። ሁለቱን አብሮ መናገር ከከበደህ፣ ያንን ሰው ለመስቀል ገና ነህ።

4. ቅዱሳት ሥዕላት ካሉበት ግድግዳ አርቅ።

የቋራዋ ምንትዋብ ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል። ምስላቸው በዚያው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው የተሣሉት። አገሪቱን በልጃቸው ስም ያስተዳደሩ እቴጌ ቦታቸው እዚያ ከሆነ፣ አንተም ባለ ማዕረጉን ከሥዕለ አድኅኖ ጎን አታስተካክል። ለጸሎት የለየኸው ግድግዳ ለጸሎት ይሁን፤ መኳንንቱ በሌላኛው በኩል ይሰቀሉ።

5. ፎቶውን ማን፣ ለምን እንዳነሣው ጠይቅ።

የቴዎድሮስን ልጅ የልዑል አለማየሁን ፎቶ ብዙ ሰው ይወደዋል። ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር እንግሊዛዊት ናት፤ ጊዜው መቅደላ በወደቀበት ዓመት ነው። ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ ራሳቸውን ገድለዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመንገድ ላይ ሳሉ ሞተዋል። በአንዳንዶቹ ፎቶዎች አብሮት ያለው የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት ካፒቴን ስፒዲ ነው። አለማየሁ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ፎቶው ያማረ ነው፤ ነገር ግን የምርኮኛ ሕፃን ፎቶ ነው። ለማሳመሪያ ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልግ፤ ታሪኩን ልትናገርበት ከሆነ ግን ከእሱ የሚበልጥ አታገኝም።

6. ሥራውን አውቀህ እዘዝ።

እውነተኛው የብረት ኅትመት እንዲህ ነው፤ ምስሉ መጀመሪያ ልዩ ወረቀት ላይ ይታተማል። ከዚያ ወረቀቱ ሽፋን በተቀባ ስስ አሉሚኒየም ላይ ተደርጎ፣ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ይጫናል። ቀለሙ ይተንና ሽፋኑ ውስጥ ይሰርጋል። ስቲከር የተለጠፈበት ቆርቆሮም በዚሁ ስም ሊሸጥልህ ይችላል። ጠርዙን በጥፍርህ ሞክረው፤ የሚነሣ ነገር ካለ ልጥፍ ነው።

መደቡ ነጭ ይሁን በል። ነጭ መደብ ከሌለው የብረቱ ብልጭታ በነጩ ቦታ ሁሉ ይወጣል፤ የጣይቱ ነጠላ ብር መስሎ ይቀራል። መስኮት ትይዩ የሚሰቀል ከሆነ የማያብረቀርቀውን ምረጥ፤ አለዚያ ከራስ ጉግሣ ይልቅ የምታየው የራስህን መስኮት ነው። ለ40 በ60 ሴንቲሜትር ምስል ቢያንስ 2,400 በ3,500 ፒክሰል ያስፈልግሃል። በቴሌግራም ስትልክ «ፋይል» አድርገህ ላክ፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። ጥቁርና ነጩን ፎቶ ቀለም እንዲቀቡልህም አትፍቀድ፤ የካባውን ቀለም አታሚው ከየት ያውቀዋል?

7. አሰቃቀሉንና አያያዙን አትናቅ።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ጠርዙ ግን ይቆርጣልና ሕፃን ከሚደርስበት ከፍ ይበል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ምስማሩ ቋሚው እንጨት ውስጥ ይግባ፤ ብሎኬት ከሆነ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይግባበት። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ላይ አትስቀል፤ ቀለሙ ይለቃል። የዕጣንና የከሰል ጭስ ሲጠቁርበት በለሰለሰ እርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ድስት መፈተጊያ ሽቦ በአጠገቡ አይለፍ።

8. ግድግዳውን ሁሉ ለባለ ማዕረግ አትስጥ።

ለእነዚህ መኳንንት ግብር የከፈለው፣ ስንቃቸውን የተሸከመው ገባር ፎቶ አልተነሣም። በዚሁ በአይከል ዙሪያ፣ በጭልጋ ምድር፣ የቅማንት ወምበሮች ሃይማኖትና ዳኝነት ይዘው ኖረዋል፤ ከጣሊያን ጋር ዱር ቤቴ ብለው የተዋጉም በየቤቱ ነበሩ። የአንተም አያት ከእነዚህ ከአንዱ ወገን ናቸው። ከመታወቂያ ላይ የተነሣ ጉርድ ፎቶ ቢሆንም አስፈልግ፤ በጥሩ ስካነር ካስነሣኸው ለትንሽ ኅትመት ይበቃል። በሕይወት ያሉትን ሽማግሎች ደግሞ ዛሬውኑ ፎቶ አንሣቸው፤ ስማቸውንም ጻፍ። ራስ ጉግሣን ሌላም ሰው ያትማቸዋል፤ አያትህን ካንተ በቀር የሚያትም የለም።

9. በአንድ ጀምር።

ብዙ ምስል በአንዴ አትዘዝ። አንዱን አሠርተህ አንድ ክረምት አሳልፈው፤ ቀለሙንም፣ ግድግዳህንም፣ እንግዶችህ የሚጠይቁህንም ታያለህ። ለጥያቄያቸው ሁሉ መልስ ካለህ ሁለተኛውን እዘዝ። ከሌለህ ለሁለተኛው ያሰብኸውን ብር የታሪክ መጽሐፍ ግዛበት።