የጎመን ምንቸት ለምን ይውጣ?

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» እንላለን። ክረምቱ ጎተራውን አራቁቶ ጎመን ብቻ የተበላበት ጊዜ አለፈ ማለታችን ነው። አባባሉን እወደዋለሁ፤ ግን ጎመንን ከችግር ጋር አስሮብናል። «ጎመን በጤና» ስንል እንኳ ሰላም ካለ ዝቅ ያለውንም እበላለሁ ማለታችን ነው። ፍራፍሬ በበኩሉ የበሽተኛ ምግብ ሆኗል፤ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዘን የምንታየው በብዛት የታመመ ልንጠይቅ ስንሄድ ነው። ጎመኑ ለቸገረው፣ ፍሬው ለታመመው ከሆነ ጤነኛውና የጠገበው ከሁለቱም ቀረ። አትክልትና ፍራፍሬ እንዲወደድ የሚፈልግ ሰው ከቅመሙ በፊት ይህን ማስተካከል አለበት።

በአማራ ክልል ያለውን የአዊ ዞን እንውሰድ። እንጅባራ ገበያ ላይ ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ጥቅል ጎመኑ ተከምሯል። በቻግኒ መንገድ ከቆላው ማንጎ ይመጣል። የደጋው ጓሮ ኮክ ያበቅላል፤ እረኛ ልጆች እንጆሪና ቀጋ፣ ወረድ ሲሉም ዶቅማ እየለቀሙ ይውላሉ። ይህ ሁሉ ባለበት በአማራ ክልል በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በሽታም፣ ንጹሕ ውኃ ማጣትም አለበት። በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ መብላትም አንዱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። በአዊ ላሉት ለባንጃና ለዳንግላ ሰዎች ቅር የሚያሰኘው፣ ድንች በዚህ ውስጥ አለመቆጠሩ ነው። ድንች ጥሩ ምግብ ነው፤ ሥራው ግን እንደ እንጀራው ጉልበት መስጠት ነው። ድንች በእንጀራ ስንበላ አትክልት የበላን ይመስለናል፤ ያው አንዱን በሌላው ደገምነው እንጂ። በድንች ወጡ ላይ ካሮት፣ ቃሪያና ጎመን ቢገቡበት ግን ሌላ ወጥ ይሆናል።

ጎመን የሚጠላው ብዙውን ጊዜ በአሠራሩ ነው። በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ውኃውን እንደፋለን። ቫይታሚን ሲ በውኃ የሚሟሟና በሙቀት የሚጠፋ ስለሆነ አብሮ ይደፋል። ጥቅል ጎመን ደግሞ መብሰሉ ሲበዛ የድኝ ጠረን ያመጣል፤ ልጆች አፍንጫቸውን ቢይዙ አይፈረድባቸውም። እንዲህ ይሞክሩት፦ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ለብለብ ያድርጉ፤ ታጥቦ በቀጭኑ የተከተፈውን ጎመን ከነእርጥበቱ ይጨምሩና ይክደኑት፤ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ያውርዱት። ሊወርድ ሲል ቃሪያ ይጨምሩ፣ ከወረደ በኋላ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት።

ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለውን፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ነገር አንጀታችን በደንብ የሚወስደው ከስብ ጋር ሲሆን ነው። በጾም የኑግ ዘይት፣ በፍስክ ቅቤ ይህን ያደርጋሉ። ሎሚውም በጤፍና በባቄላ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ቡና በተቃራኒው ብረቱን ይይዘዋል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይመረጣል። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣና ቲማቲም በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው።

የሚገርመኝ፣ ሙያው በእጃችን መኖሩ ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ ሥጋና ቅቤ የሌለበትን ገበታ ማጣፈጥ ያውቅበታል፤ ስንግ ቃሪያው፣ ቲማቲም ለብለቡ፣ አልጫው ምስክር ናቸው። ፍስክ ሲገባ ግን ሁሉም ከመሶቡ ይወርዳሉ። ለምን? ጎመን በሥጋ የተሠራውስ የጾሙንና የፍስኩን ገበታ ለማስታረቅ አይደለም?

ልጆች አዲስ ጣዕም በአንድ ቀን አይለምዱም። አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ስለዚህ ልጅዎ ዛሬ ተፋው ብለው ተስፋ አይቁረጡ፣ በጉልበትም አያጉርሱ። ትንሽ ያቅርቡ፣ እርስዎ ፊቱ እየበሉ ያሳዩት፣ ከሳምንት በኋላ ይመልሱለት። ማንጎውን ምሳ ከመድረሱ በፊት፣ ረሃብ ሲጀምረው ቆርጠው ይስጡት። ስኳር የተጨመረበት ጁስ የፍሬውን ቦታ አይተካም፤ ሲጠለል አሰሩ ይቀራል፣ ሳይታኘክም ይጠጣል።

በቡና ሰዓትም ከቆሎውና ከቅቅሉ ድንች አጠገብ የተቆረጠ ኮክ ወይም ማንጎ ይኑር። እንግዳ በመጣ ቀን ደግሞ ጎመኑን ወደ ጓዳ አይመልሱት። ትኩሱን፣ በሚያምር ሰሐን፣ ከዶሮው ወጥ ጎን ያቅርቡትና «ይህንንም ቅመሱልኝ» ይበሉ። ልጆቹ ከበር አጠገብ ቆመው የእንግዳው እጅ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ እያዩ ነው።